ልጄን ከጄኔሬተሩ ጎን ላስቀመጡልኝ ክቡር ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ፍቅረ ሥላሴ
የ«ደጋ ዜማ» የሙዚቃ ፌስቲቫል አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደባርቅ

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ድምፅዎስ? በፌስቲቫሉ ዕለት በዚያ ብርድ ያን ሁሉ ንግግር ካሰሙን ወዲህ ጉሮሮዎ እንዳይታመም ስሰጋ ነው የከረምሁት። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከመድረኩ ፊት ተደርድረው የነበሩት ለስላሳ ወንበሮችም ሁሉ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ልዑል እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነኝ፤ የሚያናግረኝ ሰው ከማጣቴ በቀር ምንም አልጎደለብኝም።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ከዳባት የመጣሁት ልብስ ሰፊዋ አረጋሽ ነኝ፤ የመሪጌታ ተክለ ማርያም ልጅ። አሁንም ካላስታወሱኝ ልጄን ያስታውሷታል፤ ከእሷ ጋር ፎቶ ተነሥተዋልና። እየሩስ ትባላለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አትቆምም፣ ያለ ድጋፍ አትቀመጥም፣ አንገቷ አይጸናም፣ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ቀና አድርጌ ካልያዝኋት ውኃ እንኳ ያንቃታል። አባቷ ደርቤ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ እንደ ወረደ ቀርቷል፤ አንድ አጨዳ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

«ይችን ልጅ ይዘሽ ሙዚቃ ቦታ ምን ልታደርጊ መጣሽ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ በዚያ ግርግር መልሴን ለመስማት ጊዜ ስላላገኙ አሁን በጽሑፍ ላቅርብልዎ። የእየሩስ እጆች ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተጨበጡ ናቸው። ጣቶቿን በግድ ልዘርጋ ብል ያማታል፤ ትቼ ዝም ብል ደግሞ መዳፏ ውስጡ ይላጣል። አንድ ቀን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አስተኝቻት ሳለ በሬዲዮ ማሲንቆ ተጀመረ፤ ዞር ብዬ ሳያት እጇ ተፈትቷል። ክርና መቀሱን ጥዬ አፌን ይዤ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ መዳፏን የማጥብላት በማሲንቆ ነው፤ ስልኬን እከፍትላታለሁ፣ ጣቶቿ ቀስ እያሉ ይለቃሉ፣ በለብታ ውኃ አጥቤ ቅባት እቀባታለሁ። ታዲያ ዳባት ላይ ያስለጠፉትን «ሁሉም ተጋብዟል፣ ማንም እንዳይቀር» የሚለውን ማስታወቂያ ሳነብ፣ የስልኩ ማሲንቆ ይህን ካደረገ የእውነቱ ምን ያደርግላት ይሆን ብዬ ተነሣሁ። ሞኝነቴን ይለፉኝ፤ «ሁሉም» ሲባል እኛም ያለንበት መስሎኝ ነው።

ውለታዎ ተቆጥሮ የሚያልቅ ባይሆንም፣ የቻልሁትን ያህል በተራ ቁጥር አመሰግናለሁ።

፩ኛ. ስለ መንገዱ። ይህ እንኳ የእርስዎ ሥራ አይደለም፣ ግን ምስጋና ማን ይጠላል። መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሳምንት ልጄን አዝዬ ሚኒባስ ስገባ፣ ረዳቱም ተሳፋሪውም «የትኛው ጠበል ልትወስጃት ነው?» አሉኝ። ሙዚቃ ልናይ ነው ስላቸው አንዲት እናት አማተቡ። ረዳቱ ደግ ልጅ ነው፤ ያልሁትን ከጭንቀት ቆጥሮልኝ የፌስቲቫሉን ሜዳ አሳልፎ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ጠበሉ ያድርግላት» ብሎ አወረደን። ያን ሁሉ መንገድ አዝያት ተመለስሁ። አበስኩ ገበርኩ፣ ጠበል ጠልቼ አይደለም፤ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ ያልነከርኋት ጠበል የለም። ግን አንዲት ቀን እንኳ ልጄን ይዤ ለደስታ ብቻ ብወጣ ሰማይ ይደፋል?

፪ኛ. ስለ በሩ። በር ላይ ያቆሟቸው ጥበቃ ትኬት አልጠየቁኝም፤ «እናቴ፣ ምጽዋት የሚጠይቁት ከአጥሩ ወዲያ ነው» ብለው በትሕትና መንገዱን አሳዩኝ። እኔ ሳስረዳ፣ እሳቸው ሲያዝኑልኝ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች አንዲት ወይዘሮ ጎንበስ ብላ በልጄ ብርድ ልብስ ላይ ብር ጣል አድርጋ አለፈች። ተከትዬ ልመልስላት አሰብሁ፤ ግን ልጄን ለማን ሰጥቼ ልሩጥ? ግራ ቀኜን አየሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ እየተጋፋ ሲገባ «ለአፍታ ያዙልኝ» የምለው አንድ ሰው አጣሁ። ብሩን አጥር ሥር ለተቀመጡ አዛውንት ሰጠሁ። ኋላ ትኬቴን ከመቀነቴ ፈትቼ ሳሳያቸው ጥበቃው ደነገጡ፤ ለማኝ ትኬት ሲቆርጥ አይተው አያውቁማ።

፫ኛ. ስላዘጋጁልን ልዩ ሥፍራ። «ለአካል ጉዳተኞች ቅድሚያ እንሰጣለን» የሚለው ጽሑፍ እጅግ ያምራል፤ ቀለሙ ከሩቅ ይጣራል። ሥፍራው ማማ ላይ ስለሆነ የሚወጣው በእንጨት ደረጃ ነው፤ ደረጃውን ለመውጣት ደግሞ አካል ጉዳተኛ አለመሆን ያስፈልጋል። በዚህም ምክንያት የኮሚቴው ሾፌሮች ተቀምጠውበት ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ከታች ሆኜ ቀና ብዬ አነበብሁት፤ ማንበብ ስለተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ።

፬ኛ. ስለ ፎቶው። ድካም ሳይበግርዎ ራስዎ እኛ ድረስ መጥተው፣ የእየሩስን እጅ ይዘው ወደ ካሜራው ፈገግ አሉ። ከእኔ ሌላ እጇን የያዘ ሰው አላስታውስምና ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽዎትም፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ካሜራው ዞር ሲል ለቀቋት። ከዚያ ለቴሌቪዥን ቀረጻው እንዳናስቸግር ተብሎ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ከጄኔሬተሩ ጎን አስቀመጡን። ጄኔሬተሩን በሚገባ ሰምተነዋል። ዜማ አልሳተም፤ ራሱንም ሲያመሰግን አልሰማሁትም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ምስጋናው የእርስዎ አይደለምና።

የክብር እንግዳው ንግግር መሐል ላይ ሲደርስ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ቀጥ አለ። ድምፅ ማጉያው ጠፋ፤ ሜዳው ጸጥ አለ። አዝማሪ ገሠሠ፣ ያ ከጃናሞራ የመጣው ሽማግሌ፣ ተራውን ሲጠብቅ ድንኳኑ ጀርባ ከእኛ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበርና ማሲንቆውን ሊቃኝ ደጋኑን ሳብ አደረገ። እየሩስ ጮኸች። የደስታዋን ድምፅ ለማያውቅ ሰው ያስደነግጣል፤ ከአንጀት የሚወጣ ትልቅ ጩኸት ነው። እኔ እንደ ልማዴ አፏን ልሸፍን እጄን ስሰድድ ሽማግሌው፣ «ተያት እንጂ፤ ግጥም እየሰጠችኝ እኮ ነው» አለ።

እርስዎም የአገሩ ልጅ ነዎትና ያውቁታል፤ አዝማሪ «ተቀበል» ተብሎ የተሰጠውን ሳያዜም አያልፍም፤ ሰካራም ቢሰጠው ይቀበላል፣ ባለሥልጣን ቢሰጠውም ይቀበላል። ገሠሠም የልጄን ጩኸት ተቀበለ። ሳይቀንስ ሳይጨምር፣ ድምፁ እንደ ወጣ፣ እንደ ተሰበረ፣ በጭራውና በጉሮሮው መለሰላት። እየሩስ ዝም አለች። ሰማች። ከዚያ ደግማ ሰጠችው፤ እሱም ደግሞ ተቀበለ። ተራዋን ትጠብቅ ነበር እኮ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትጮህ የመለሰላት ሰው አልነበረም፤ እኔ እንኳ እናቷ ዝም በይ ነበር የምላት። ሁለቱም እጆቿ ተዘርግተው ጭኔ ላይ ወደቁ። አለቀስሁ። ሰዎችም ከሜዳው ዞር ዞር እያሉ ወደ እኛ መጡ፤ አንድ ገበሬ አጨበጨበላት። እንዲያ ሰው መሐል ተቀምጬ አላውቅም።

ወዲያው ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጠጥቶ ተነሣ፤ እርስዎም ከእሱ ጋር መጡ። የክብር እንግዳው ሊቀጥሉ ስለሆነ ልጅቷን ዝም አሰኚያት አሉኝ። ገሠሠን የተጠራኸው ለመድረክ እንጂ ለጓሮ አይደለም ብለው ከመርሐ ግብሩ አስወጡት። ሽማግሌው አልተከራከረም፤ ማሲንቆውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የእየሩስን ራስ ሳም አድርጎ ሄደ። ለእኛ ግን ልጅቷ እንድታርፍ ብለው መኪና አስመጡልን። ስንመጣ ያልተገኘው መኪና ለመሄጃችን እንዴት በፍጥነት ተገኘ! ይህን ውለታ እስከ መቃብር አልረሳውም።

ክቡር ሰብሳቢ፣ አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ፤ እንግዲህ ለማኝ ተብያለሁና አያሳፍረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ የስልኩ ማሲንቆ የእየሩስን እጅ አይፈታም። እከፍትላታለሁ፤ ትጮኻለች፤ ዝም ብላ ትጠብቃለች፤ ስልኩ የራሱን ይቀጥላል። ደግማ ትጮኻለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። መዳፏ ቆስሏል። ገሠሠን ፈልጌ ቢሮዎ ድረስ ሰው ላክሁ፤ ስሙ ከመዝገብ ስለተሰረዘ አናውቀውም የሚል መልስ መጣልኝ። ጃናሞራ ሰፊ አገር ነው፤ ልጄን አዝዬ ከመንደር መንደር ልጠይቅ አልችልም፣ ትቻት ልሂድ ብል የሚጠብቅልኝ ሰው የለኝም። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ በደጄ ሲያልፉ ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ግን አንዱ ገባ ብሎ «እየሩስ፣ እንደምን አደርሽ?» ቢላት እመርጥ ነበር። ብቻዬን መሆን መሮኛል፤ ይኸን ለማንም ብዬው አላውቅም።

ስለዚህ ማማም፣ ያማረ ጽሑፍም፣ ለስላሳ ወንበርም አልጠይቅም። ያን ሽማግሌ ያመጣው ሰው ከኮሚቴዎ ውስጥ አይጠፋምና፣ የገሠሠን መንደር ብቻ ጠይቀው ይንገሩኝ። ለሚመጣው ዓመትም እሱን የሚጠሩት ከሆነ፣ ከጄኔሬተሩ ጎን ያለችውን ቦታችንን አደራ ለሌላ እንዳይሰጡብን።

የመድረክዎን ጥላ ያስፋልዎ፤ ድምፅ ማጉያዎን ከመጥፋት፣ የክብር እንግዶችዎን ከመቋረጥ ይጠብቅልዎ እያልሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ትኬቷን ቆርጣ በፊት በር ገብታ በጓሮ የተሸኘችው፣
አክባሪዎ አረጋሽ ተክለ ማርያም
ዳባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሲሸኙን ልጄን ጭኔ ላይ እንደያዝሁ በመኪናው መስኮት ጎንበስ ብለው «አይዞሽ፣ እግዜር በቶሎ ይገላግልሽ» ብለውኝ ነበር። ለምርቃት አሜን አለማለት ነውር እንደሆነ በአባቴ ቤት ተምሬ ነው ያደግሁት፤ ያን ዕለት ግን ምላሴ እምቢ ስላለኝ፣ ስለ ባለጌነቴ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ዛሬም አሜን አልልም። እየሩስ መናገር ነው እንጂ መስማት አልተሳናትም፤ ያሉትን ከእኔ እኩል ሰምታዎታለች። ይቅርታ ሊሉ ያሰቡ እንደሆነ ለእኔ አይድከሙ፤ ለእሷ ይንገሯት፤ ቤት ነን።