ከግድግዳችን ላይ ስለተወረሰው የተነከሰ ዳቦ

ይድረስ ለተከበሩ የሰፈራችን ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ለታላቅ ወንድማችን ለቱርዲ አካ። ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ትኩሳትዎም በየጠዋቱ በራችን ላይ ከሚለኩልን ሁሉ ዝቅ ያለ ይሁን።

በመላው ሳማርካንድ እንደ እኔ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለም። ከተማው እንዳይቀየመኝ በሰፈራችን የለም እንበል። በሰፈራችን ደግሞ አንዲት መምህርት ስላለች በመንገዳችን ይሁን። ለማንኛውም ከማታው የጎልማሶች ትምህርት በሁለተኛነት ተመርቄያለሁ። አንደኛ የወጣችው ባለቤቴ ሆሲያት ናት፤ አጠገቤ ትቀመጥ ስለነበር ከማን እንደቀዳች አላህ ያውቃል። ይህን ደብዳቤ በኮሚቴው በር ላይ የምለጥፈው ምስጋናዬን ሁሉም እንዲያነበው ብዬ ነው።

አንደኛ፦ በወረርሽኙ ምክንያት ገበያው ተዘግቶ፣ ጆንያ መሸከሜ ቀርቶ፣ ዳቦአችንን ቤት ውስጥ በቤተሰብ እንድንጋግር ስለፈቀዱልን እናመሰግናለን። ከሦስት ሰው በላይ አንድ ቦታ እንዳይቆም ማዘዝዎም ትልቅ ጥበብ ነው። ስለዚህ በግቢያችን የሸክላ ምድጃ ዙሪያ ሆሲያት ታቦካለች፣ አባቴ ቁጭ ብሎ ያዛል፣ እኔ ሊጡን በምድጃው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። አራት እንዳንሆን ትንሿ ልጄ ሎላ ከቤት ውስጥ ሰሊጡን በመስኮት ትወረውርልናለች፤ እስካሁን ከዳቦው ይልቅ የአባቴ ጢም ብዙ ሰሊጥ ደርሶታል። አንድ ቀን ሎላ የወደቀ ሰሊጥ ልትለቅም ብቅ ስትል የእርስዎ ተቆጣጣሪ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ኔማት፣ አራት ሆናችኋል፤ አንተ ተበተን!» አለኝ። እጄ እስከ ትከሻዬ ምድጃ ውስጥ ነበር። «ብቻዬን እንዴት ነው የምበተነው?» ስለው፣ «እሱን አንተ ታውቃለህ» አለኝ። እንደምንም ተበተንኩ። አምስት ዳቦ ከሰል ሆነ።

ሁለተኛ፦ በማግስቱ ያው ተቆጣጣሪ ቤታችን ገብቶ ከሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ደረቅ ዳቦ ወረሰ። በጻፈው ቃለ ጉባኤ ላይ፣ «ያለ ፈቃድ ለሽያጭ የተሰቀለ ዳቦ፤ ጠርዙ ላይ ደንበኛ ለናሙና የቀመሰው ምልክት ይታያል» ይላል። ማንበብ መቻሌን የተጸጸትኩበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው።

እርስዎ የሚያውቁትን መንገር ድፍረት ቢሆንብኝም፣ ያ «ደንበኛ» ትልቋ ልጄ ሳኖባር ናት። ታሽከንት ሆስፒታል ለነርስነት ስትሄድ እንደማንኛችንም ከትኩሱ ዳቦ አንዴ ነክሳ ወጣች፤ ቀሪውን ተመልሳ ራሷ እስክትጨርሰው ሰቀልነው። የእርስዎ ልጅ ለውትድርና ሲሄድ የነከሰው ዳቦም ሳሎንዎ ውስጥ እንደተሰቀለ አለ፤ እሱን ተቆጣጣሪው ለሽያጭ ስላልመሰለው እንኳን ደስ አለዎት። አሁን መንገዱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ልጄ ከበሽተኞቹ ጋር ሆስፒታሉ ውስጥ ተቆልፎባታል፤ ዳቦዋም ቢሮዎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እንዲህ ያለ እኩልነት ሌላ የት ይገኛል?

ሦስተኛ፦ ሳኖባር በስልክ ምስል በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምታየው ያንን ግድግዳ ነው። እናቷ ስልኩን ወደ ጣሪያው፣ ወደ ድመቷ፣ ወደ እኔ ጆሮ እያዞረች ሦስት ቀን አሳለፈች። በአራተኛው ቀን ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ ማለትም ሦስት ሦስት እየሆነ ተሰብስቦ፣ ሌላ ዳቦ ጋግሮ ንክሻዋን ለማስመሰል ተስማማ። ሎላ ብትነክስ የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ ዳቦው ላይ ሁለት ቦይ ብቻ ቀረ። አባቴ ጥርስ ስለሌለው ዳቦውን ሳመው እንጂ አልነከሰውም። ሆሲያት፣ «ልጄን አላታልልም» ብላ ወጣች። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ነከስኩ። ሳኖባር እንዳየችው፣ «አባዬ፣ ይሄ የኔ ንክሻ ነው? አፌ የጋራዥ በር ነው እንዴ?» ብላ እስኪያማት ሳቀች።

እንግዲህ የተከበሩ ቱርዲ አካ፣ ዳቦው ይመለስልን። እስከዚያው ከአይጥ እንዲጠብቁልን፣ ዳቦን መድፋት ነውር ነውና ጀርባውን ወደ ላይ አድርገው እንዳያስቀምጡት፣ ከሻይዎ ጋርም እንዳያዩት በትሕትና እለምናለሁ።

ሁልጊዜ በሦስት ሰው ልክ የሚያከብርዎ፣ ለትእዛዝዎ ሲል ብቻውን የተበተነ፣ በማታ ትምህርት ሁለተኛ የወጣው፣
ኔማት፣ የዱቄት ተሸካሚ

ማሳሰቢያ፦ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሳኖባር አልሳቀችም። ዳቦውን አይታ፣ «ታዲያ እኔ ምን ልጨርስ ነው የምመጣው?» አለችኝ።  ነገም ትደውላለች፤ መልሱን እንዲነግሯት ስልኩን ለእርስዎ ልስጥ?