የበረንዳዬ ከንቲባ

ሰኔ 5

ዝናብ። በረንዳው እንደገና አፈሰሰ። የሁለት ደንበኞች ሽሮ ቀጠነ... ማንም አላማረረም።

ይድነቃቸው ለምሳ መጣ። የእህቴ የጥሩወርቅ ልጅ። ጠበቃ ነበር፣ ከዚያ ፓርላማ ገባ፣ አሁን ደግሞ ናይሮቢን ካላስተዳደርኩ ይላል። ጠበቃ ሳለ እዚህ ሰዉ «ዋኪሊ» ይለው ነበር፤ በስዋሂሊ ጠበቃ ማለት ነው። ጓደኛዬ ባንታየሁ የጭነት ወኪል መስሎት፣ አዲስ አበባ ላክልኝ ብሎ ፍሪጅ ቢሮው ድረስ አስጭኖ ወሰደለት። ልጁ እምቢ ማለት አፍሮ ላከለት። ፖለቲከኛ እንደሚወጣው ያን ቀን አወቅኩ።

የሚወዳደርበት ሹመት በወረቀት «ገቨርነር» ነው። እኔ ከንቲባ እለዋለሁ። ገዢ ብዬ ብጠራው ደንበኛ ይመስላል፤ እሱ ደግሞ እዚህ በልቶ ከፍሎ አያውቅም።

ቅዳሜ የምርጫ ስብሰባውን በረንዳዬ ላይ ያደርጋል። ዋና ቃሉ፦ የእግረኛ መንገድ ለእግረኛ ይመለስ። በረንዳዬ እኮ መንገዱ ላይ ትንሽ ወጣ ብላለች። ትንሽ ስል... እግረኛው በአስፋልቱ ነው የሚዞራት። ከጠረጴዛዎቼ ግማሹ እሷ ላይ ናቸው፤ እሷ ከሌለች ምግብ ቤቴ ኮሪደር ነው። አልነገርኩትም። ለምን ልንገረው? ቆሞ የሚያወራው እሷው ላይ አይደል?

ሰኔ 9

ስብሰባው ሞላ። ይድነቃቸው «ናኦምባ ኩራ» እያለ ለመነ፤ ድምፃችሁን ስጡኝ ማለቱ ነው። እትዬ ሙሉሸዋ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ፓርክላንድስ ሰፈር ቅመም ሲሸጡ አረጁ፣ ስዋሂሊ ግን እምቢ አላቸው።

«ማንን ነው ኩራ የሚለው?» አሉኝ።

ስዋሂሊን ከማታቱ ታክሲ ጀርባ እያነበብኩ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ኩራ ድምፅ መሆኑን አውቃለሁ። ግን እንዴት ይታለፋል?

«እርስዎን ነዋ። እባክዎ ይኩሩ ነው የሚለው።»

ተነሡ። «ልጄ፣ ለሴት ኩሪ ነው የሚባለው» አሉት።

ልጁ ታላቅ ሰው ሲያርመው ከድሮም እሺ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጎንበስ ብሎ «ናኦምባ ኩሪ» አለ። ኬንያውያኑ ተያዩ። ከኋላ አንድ የቦዳ ቦዳ ነጂ ሞተሩን እያስጓራ «ኩሪ» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ተቀበለው።

ሰኔ 10

ይድነቃቸው ደወለ።

«ጋሼ፣ ሲሪየስሊ፣ ምን ብለሃቸው ነው?»

«ሰዋስው ነው ያስተማሩህ።»

«ፓርላማ ስንት ሕግ አርቅቄያለሁ፣ አንዱን የሚያስታውስ የለም። ዛሬ ሬዲዮው ሁሉ ስለ ኩሪ ሲከራከር ዋለ።»

«ምንድን ነው አሉት?»

«አንዱ አዲስ የበቆሎ ዘር ነው አለ። ሌላው፣ ምንም ይሁን ምን እቃወማለሁ አለ።»

ሐምሌ 2

ኩሪ ቲሸርት ላይ ወጣ። ኪሌሌሽዋ ሰፈር ደግሞ ግድግዳ ላይ አየሁት። ዛሬ ጋዜጠኛ መጣች፤ ትርጉሙን የሚያውቀው ሰው እዚህ ነው ያለው ብለዋት። ዝም ብል ምን ነበረበት?

«ሰው በራሱ መንገድ ላይ ቀና ብሎ ሲሄድ፣ እሱ ኩሪ ይባላል» አልኳት።

ደስ ብሏት ጻፈች። ቀና ስትል፣ ከጀርባዬ እግረኞች በረንዳዬን ሸሽተው በመኪና መሀል ሲሹለከለኩ አየች። ፎቶ አነሳች።

ሐብታሙ፣ አልኩ ለራሴ... ያ አፍህ።

ነሐሴ 3

ተሰልፌ ድምፅ ሰጠሁ። ለማን? ለአፍራሼ።

ነሐሴ 6

አሸነፈ። ጥሩወርቅ አለቀሰች። እኔ በረንዳዬን አየኋት።

መስከረም 21

ምሰሶው ላይ ቀይ ኤክስ ተቀብቷል። ከሥሩ የማፍረሻ ማስታወቂያ። ፊርማው የሱ። የአባቴን ስም እንኳ በትክክል ጽፎታል።

ከሰዓት ራሱ መጣ፣ ጠባቂዎቹን መኪና ውስጥ ትቶ። ሽሮ አቀረብኩለት።

«ጠበቃ እፈልጋለሁ» አልኩት። «ከከንቲባው ጋር ክርክር አለኝ። የማውቀው ጠበቃ ደግሞ አንተን ብቻ ነው።»

አሰበበት። የምር አሰበበት።

«እንደ ጠበቃህ፣ አትክሰስ። ትሸነፋለህ።»

«እንደ ፓርላማ አባልስ?»

«ሕጉን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ።»

«እንደ ከንቲባ?»

«ሐሙስ ጠዋት ይመጣሉ።»

«እንደ እህቴ ልጅስ?»

ሽሮውን ጨረሰ። እጁን ታጠበ።

«ወንበሮቹን አብሬህ አስገባለሁ።»

ሲወጣ ሒሳብ ከፈለ። ነገሩ የምር መሆኑ ያኔ ገባኝ።

መስከረም 24

ፈረሰች። ያፈላሁት ሻይ ሳይበርድ።

ከንቲባው እጅጌውን ሰብስቦ ወንበር ሲሸከም፣ አፍራሾቹ ያግዙት ወይስ ያፍርሱ ግራ ገባቸው። አንዲት ወንበር ደጅ ረስቼ ነበር... ረስቼ እንበል። «ጋሼ» አለና እሷንም አስገባት።

ከዚያ እትዬ ሙሉሸዋ መጡ። በእግረኛው መንገድ፣ አስፋልቱን ሳይነኩ፣ ቀና ብለው። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አቧራ የለበሰውን ልጅ አዩ። እኔን አዩ።

«ኩራ» አሉኝ።

በየትኛው ቋንቋ ነው አላልኳቸውም። በሁለቱም አድርጌዋለሁ።