ሰው ከማይኖርበት የባሕር ዳርቻ ለእንግዶች የተላከ መልስ

ለክቡር ሚስተር ኦስዋልድ ላቤት
የደሴቶች ወደብና የእንግዶች መስተንግዶ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣስ ተሻለው? ባለፈው ወር ተበላሽቶ እርስዎና ባልደረቦችዎ መስኮት እስከ መክፈት ደርሳችሁ እንደነበር ስንሰማ፣ ከነፋስ በቀር ሌላ ማቀዝቀዣ የማናውቀው የፔቲ ሳሊን ደሴት ሰዎች ከልብ አዝነናል። እኔ ሸራ ሰፊዋ ቬርና ስቲል ደህና ነኝ። ጀልባ ሠሪው ወንድሜ ኬንሪክም ከዓይኑ በቀር ደህና ነው።

በጋዜጣ የምጽፍልዎ በደጅዎ ማለፍ ጠልቼ አይደለም። ሦስት ጊዜ በጀልባ ተሻግሬ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ለአራተኛ ጊዜ መጥቼ ስብሰባ እንዲፈልጉ ላስገድድዎ አልወደድኩም።

ባለፈው ሳምንት የቢሮዎ ሠራተኛ ጆይስሊን በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለት ወረቀት ለጠፈች። የመጀመሪያው፣ በመጪው ሐሙስ በትንሽ መርከብ የሚመጡት ስልሳ አራት መንገደኞች ጉዟቸውን ለማቀድ የላኳቸው ጥያቄዎች ሲሆን፣ ነዋሪው የሚያውቀውን በመመለስ እንዲተባበር በትሕትና ይጠይቃል። ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት የቡዋ ብላን የባሕር ዳርቻ ለነዋሪው ዝግ መሆኑን፣ በእንግዶች ዕይታ ውስጥም ማንኛውም ሥራ መከልከሉን ያስታውቃል። ምክንያቱም ተጽፏል፤ መርከቧ ለእንግዶቿ ቃል የገባችው «ሰው በማይኖርበት የባሕር ዳርቻ» ምሳ ልታበላቸው ነው። በዚያ የባሕር ዳርቻ የምንኖር ሠላሳ አንድ ቤተሰቦች ይህን ቆመን አነበብን። ምስኪኗ ጆይስሊን ፊታችንን አይታ፣ «አክስቴ ቬርና፣ በፈጣሪ፣ እኔ የለጠፍኩት ነው እንጂ የጻፍኩት አይደለም!» ብላ ሙጫዋን ይዛ ሮጠች።

መተባበር ልማዳችን ስለሆነ መልሶቻችን እነሆ።

፩. «ከመርከቧ ስንወርድ እግራችን ይረጥባል ወይ?»

አዎን፣ ይረጥባል። ከሰባት ዓመት በፊት ለማረፊያ ድልድይ የመሠረት ድንጋይ በእጅዎ አኑረውልን ነበር፤ ድንጋዩ እስከ ዛሬ አለ፣ ፍየሎቻችን እየወጡ ይተኙበታል፤ ስለ እነሱም አመሰግናለሁ። እንግዶቹ ግን በትንሽ ጀልባ መጥተው ውሃ ውስጥ መዝለል አለባቸው። በአዘቦት ቀን ቢሆን እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ሐሙስ ግን አዲስ ጨረቃ የምትወለድበት ቀን ነውና ባሕሩ እኩለ ቀን ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ከወትሮው አንድ ስንዝር ከፍ ይላል። ይህችን ስንዝር እባክዎ ያስቧት፤ እመለስባታለሁ።

፪. «በጥር ወር ባሕሩ ይናወጣል? የሚያጥወለውለውስ ምን ያድርግ?»

በጣም ይናወጣል። የሚያጥወለውለው ሰው መሐል ላይ ተቀምጦ ከሩቅ የሚታየውን መሬት ይመልከት። ይህን ምክር የሰጠን ወንድሜ ነው፤ በዚህ ባሕር አርባ ዓመት ሰውና ዕቃ አመላልሷል። አንድ ጊዜ የቡዋ ብላንን አንድ ተማሪ ለፈተና ወደ ትልቁ ደሴት ሲያደርስ፣ ልጁ መንገዱን ሙሉ በተጠቀለለው ገመድ ላይ ሲያስመልስ ሄደ። ኬንሪክ ገመዱን ሁለት ቀን አጠበ፣ የመሳፈሪያ ግን አልተቀበለም። ልጁም ፈተናውን አለፈ። ዛሬ በዳቦ ቤታችን ግድግዳ ላይ ከማስታወቂያው ሥር ፊርማውን እያየን፣ እንዴት ያለ ያማረ የእጅ ጽሑፍ ነው እንላለን።

፫. የመጸዳጃ ቤት ጥያቄ ነው። ዘልዬዋለሁ። መልሱን እርስዎ ያውቁታል፤ ያው ቁጥቋጦው ነው።

፬. «በባሕር ዳርቻው የሚያስቸግሩ የአካባቢው ሰዎች አሉ?»

በማስታወቂያዎ መሠረት የለንም።

፭. «ዋና ለማይችሉ መንገደኞች ምን የተዘጋጀ ነገር አለ?»

አለ እንጂ፣ የእጅ ጓንት ይዘው ይምጡ። ኬንሪክ በቡዋ ብላን አሸዋ ላይ ሦስት ዓመት የለፋባት ጀልባ ሐሙስ ወደ ባሕር ትወርዳለች። እርስዎ ቢሮ ከገቡ ወዲህ ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎ፤ በእኛ ዘንድ ጀልባ በሞተር አትጎተትም፣ የሚጎትታትም ሰው አይከፈለውም። ግራና ቀኝ ደግፈው ያቆሟት ግንዶች በአንድ ወገን እየተቆረጡ ቀስ ብላ በጎኗ ትተኛለች፤ ከሥሯ ድቡልቡል እንጨት ይነጠፍና መንደሩ ሁሉ ገመድ ይዞ እየዘፈነ ይስባታል። አንዴ የተኛች ጀልባ ተመልሳ አትቆምም፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሙላት ባሕር ካልገባች በራሷ ክብደት ጎኗ ይሰነጠቃል። ለዚህ ሰባ ሰው ያስፈልጋል። ወጣቶቻችን ሥራ ፍለጋ ባሕር ማዶ ስለሄዱ የቀረነው አርባ ስምንት ነን፤ ከነዚህም አንዷ የሰማንያ አንድ ዓመቷ ሚስ አይዳሊን ናት፣ እሷ የምትስበው በጩኸት ነው። የጎደለንን ሃያ ሁለት ጥንድ እጅ ከእንግዶቹ እንጠብቃለን።

ለምን በሌላ ቀን አይሆንም እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ጆይስሊን ጠይቃኛለች። ከላይ ያስቀመጥኳት ስንዝር ለዚህ ነበረች። ከጀልባዋ ማውረጃ ፊት ለፊት የአሸዋ ጉብታ አለ፤ ያችን የምታሳልፍ ስንዝር በቀን ብርሃን ተመልሳ የምትመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። የኬንሪክ ግራ ዓይን ጠፍቷል፣ ቀኙም እየደበዘዘ ነው፤ ሐኪሙ ማየትህ ከፋሲካ አያልፍም ብሎታል። ትእዛዝዎን ሳነብለት መጥረቢያውን እየሳለ ነበር። ጣቱን በስለቱ ላይ አሳልፎ፣ «ይለጥፉ እንጂ! ጨረቃዋ እንደሆነ ወረቀት አታነብም» አለኝ።

ምናልባት ይሻላል ብዬ፣ ለሌላ ጊዜ እናቆያት ይሆን አልኩት። መጥረቢያውን አስቀመጠ። «ቬርና፣ ከፋሲካ በኋላ ብትወርድ ያው ለእኔ በወሬ ነው የምትወርደው። ሌላ ሰው ‹ተንሳፈፈች› ብሎ ሲነግረኝ ልሰማ ነው? ከግንዱ ጀምሮ እኔው በእጄ ስላወጣኋት ጀልባ?» አለ። ከዚያ ወዲህ ደግሜ አላነሳሁበትም።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ትንሽ ቢጎድል ይቅርታ ያድርጉልኝ። ረቡዕ ሁለት ፖሊስ እንደሚላክብን ሰምተናል። መታሰሩን አልፈራም፤ ከሁለቱ አንዱን ክርስትና ሲነሳ ያቀፍኩት እኔ ነኝ። የምፈራው ድጋፎቹ ግማሽ ተቆርጠው፣ ጀልባዋ ግማሽ ተኝታ፣ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ «አቁሙ» እንዳይል ነው። ውሃው ይሸሻል፣ እሷም ወንድሜ ዓይኑ እያየ አሸዋ ላይ ትሰነጠቃለች። ሲጠፋ የኖረ ዓይን መጨረሻ የሚያየው ያ እንዲሆን አልፈልግም። ይህችን ብቻ በቀልድ ልጽፋት ሞክሬ አቃተኝ።

፮. «ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል?»

ይፈቀዳል። ጥሩው ፎቶ ጀልባዋ ውሃ ልትነካ ስትል የክርስትና አባቷ ከፊቷ ቆሞ ስሟ የተሰፋበትን ባንዲራ ሲዘረጋ ነው። ስሙን እስከዚያች ሰዓት ከሠሪውና ከሰፊዋ በቀር ማንም አያውቅም፤ የክርስትና አባትም ባንዲራውን እንደታሸገ ይዞ ይቆያል እንጂ አይከፍትም። ስሟ ሳይነገር ባሕር በገባች ጀልባ ላይ ደግሞ በደሴታችን አንድ ዶሮ እንኳ የሚጭን የለም።

የዚህች ጀልባ የክርስትና አባት እርስዎ ነዎት። የመጀመሪያው ግንድ ሲጋደም በነጭ ጫማዎ አሸዋው ላይ ቆመው የሩም አረቄውን ያፈሰሱላት፣ ከፍየል ወጡም ሁለት ሰሐን የተመገቡት፣ «ይህች ልጄ ናት፣ የምትወርድ ቀን ሰማይ ቢደፋ እገኛለሁ» ያሉት እርስዎ ነዎት። በሰማያዊ ሸራ ጠቅልዬ የሰጠሁዎ ጥቅል በቢሮዎ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ጆይስሊን ነግራኛለች። እናም በገዛ ልጅዎ የክርስትና ቀን በሩን ዘግተው ቁልፉን የወሰዱ አባት በመሆንዎ፣ በደሴቶቹ ታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ቀሪዎቹን ጥያቄዎች፣ ማለትም የትንኝ ቅባትን፣ የቆብንና የስልክ ሞገድን ጉዳይ፣ ለቢሮዎ ዕውቀት ትቻለሁ። ይህን የመልስ ወረቀት ለመርከቧም ልኬዋለሁ። እንግዶቹ ሰው የሌለበትን ቦታ እንጂ ሰው የተባረረበትን ቦታ ለማየት የከፈሉ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ድጋፍ ሐሙስ ረፋዱ ላይ አራት ሰዓት ሲሆን ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ የሚያቆመን ማስታወቂያ የለም፤ እርስዎም የደሴቷ ልጅ ነዎትና ይህን ያውቁታል። ከጀልባዋ ፊት ያለው ቦታዎ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ባዶ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ለአሳቢነትዎ፣ እኛን ከእንግዶች ዓይን ለመሰወር ለደከሙት ድካም፣ በሰባት ዓመት ለአንዲት ድንጋይ ላሳዩት ጽናት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መሳቢያዎ ሁልጊዜ በደንብ ይከፈት፣ ስብሰባዎ ይባረክ እያልኩ፣

በቡዋ ብላን የማልኖረው
ታዛዥ አገልጋይዎ
ቬርና ስቲል፣ ሸራ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ልማዱ ስለሚከለክለኝ በባንዲራው ላይ የሰፋሁትን ስም እዚህ አልጽፍም። እርስዎ ግን፣ ላለመምጣት ከወሰኑ፣ በርዎን ዘግተው ብቻዎን ጥቅሉን ይክፈቱት። ያንን ስም ኬንሪክ የመረጠው ለእርስዎ ደስታ ብሎ ነበር። መርከቧ የምሳ ጠረጴዛ ከምትዘረጋበት ሠላሳ እርምጃ ከፍ ብሎ በመቃብር ድንጋይ ላይም ተጽፏል፤ የስሙ ባለቤት በሕይወት ሳለች ማታ ማታ ከደጃፏ ቆማ «ኦስዋልድ! እራት ቀርቧል!» ስትል የባሕር ዳርቻው ሰው ሁሉ ይሰማት ነበር። እሷም ቢሆን ከእንግዶች ዕይታ ውስጥ ስለሆነች፣ ሐሙስ ከሁለት እስከ አሥር ሰዓት ወዴት እንድናዛውራት እንደሚያዝዙ በጽሑፍ ቢያሳውቁን።