የጡት እናቴን «ጎረቤት» ያልኩ ዕለት

እማዬ፣

በሞት ከተለየሽን አራት ዓመት ሊሞላ ነው። የሞጣው ቤታችን ጣሪያው ተቀይሯል፤ ከጓሮ የተከልሽው ጌሾ ግን እንደ ጉድ በቅሏል። እኔ ቢቸና አስተምራለሁ። ባለፈው ጥር አገባሁ። ወዲያው ልጽፍልሽ የሚገባ ወሬ ነበር፤ አፍሬ ቆየሁ።

እትዬ ዘይነባ ለሠርጌ ከሞጣ ድረስ መጥተውልኝ ነበር። አንቺ ወልደሽኝ ስትታመሚ ከልጃቸው እኩል ጡታቸውን ያጠቡኝ እሳቸው ናቸው። ቤታችን ድግስ ሲኖር በጉን ባለቤታቸው እንዲያርዱ ትሰጪ፣ ድስቱንም ለይተሽ ታስረክቢያቸው ነበር። እሳቸውም ሲደግሱ ለእኛ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። እኔ ግን ለሙስሊም እንግዳ ምንም አላዘጋጀሁም። ዳቦና ለስላሳ ይዘው ተቀመጡ። «በልቼ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

የወላጅ ጉልበት የምንስምበት ሰዓት ደረሰ። እትዬ ዘይነባ ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሡ። የሚስቴ አጎት ጠጋ ብሎ፣ «እኒህ ሴት ምንህ ናቸው?» አለኝ። አማቴ ቄስ ናቸው፤ ዘመዶቻቸው ምን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

«የእናቴ ጎረቤት ናቸው» አልኩት።

ሰሙኝ እማዬ። ተመልሰው ተቀመጡ። የአንቺን ቦታ በዓመት አንዴ እንኳ የማላያት አክስቴ ያዘች።

ነገሩን ለሚስቴ ስነግራት አለቀሰች። አማቴም ሰምተው፣ «እኔን ፈርተህ ነው? ብትነግረኝ እኔው እጃቸውን ይዤ አስቀምጣቸው ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ የማመካኝበት አጣሁ።

እንደምመጣ አስነግሬ ሞጣ ሄድኩ። እትዬ ዘይነባ ክርስቲያን ጎረቤታቸውን ዶሮ አሳርደው፣ በሚስቱ ድስት አሠርተው ጠበቁኝ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አንሥተው አስቀመጡኝ፤ መጉረስ ግን አቃተኝ።

«ብላ» አሉኝ። «አዝኜብህ ነበር፤ አልዋሽህም። አሁን ይቅር ብያለሁ። ለእናትህ ግን ራስህ ንገራት።»

ይኸው ነገርኩሽ። አንቺን ባሰብኩ ቁጥር ይህን ነውሬንም አብሬ ላስታውስ ቃሌ ነው። ከእንግዲህ ማንም ስለ እሳቸው ቢጠይቀኝ የምመልሰውን አውቃለሁ። ተነሥተው የተቀመጡባት ያቺ ሰዓት ግን አትመለስልኝም።

ልጃችሁ