ለጓድ ወልደ ኢየሱስ፣ ስለ እናቴ ደምና ስለ ክሊኒኩ መኪና

ለተከበሩ ጓድ ወልደ ኢየሱስ፣ የጥጥ እርሻው ክሊኒክ መኪና አዛዥ፤
መልካ ወረር

በአላህ እለምንዎታለሁ ጓድ፣ ዛሬስ ይመኑኝ! እንደምን ከረሙ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ የባለቤትዎን የወይዘሮ አትክልትን ጤና እንኳ አልጠይቅም፣ ገበያ ላይ እንደ ሙሽራ ሲራመዱ አይቻቸዋለሁ፣ አልሃምዱሊላህ። ይሄን በጥጥ ጫኝ መኪና ልኬልዎታለሁ፣ ግልባጩን ሰው ሁሉ እንዲያነበው ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ አይቀየሙኝ።

አንደኛ ምስጋና ነው። ባለፈው ስጮህ መኪናውን ስለላኩልን፣ ኋላም በስብሰባ ላይ ውሸታም ስላሉኝ አላህ ይስጥልኝ። እናቴ ኡሙሀኒ የማህፀን በር ካንሰር ነው ያለባት፣ ደሙ ሲመጣ እንደ ቧንቧ ነው። ግን የመኪናውን ድምጽ ስትሰማ፣ ከመኪናው ጋር የመጣው አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ወንድ ነው ብላ አፈረች፣ ታጠበች፣ የኢድ ቀሚሷን ለበሰች፣ ቁጭ ብላ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ሻይ ልቅዳልህ?» አለችው። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። እርስዎም የአብዮቱን ቤንዚን አስፈጀች አሉ። እውነትዎን ነው፣ ቤንዚኑ ያሳዝናል።

ሁለተኛ ቅናቴ ነው፣ አልደብቅም፣ ዓይኔ እስኪቀላ ቀንቻለሁ። ወይዘሮ አትክልትን ያመማቸው ያው የእናቴ በሽታ ነው። እሳቸው ሲደሙ ግን አውሮፕላን ተገኘ፣ በርሊን ሄዱ፣ ሆዳቸው ሳይቀደድ በጭናቸው ደም ስር ክር የምታክል ቱቦ አስገብተው የሚደማውን ስር ከውስጥ ደፈኑላቸው። ቦታውን አሳይተውኛል፣ ትንኝ የነከሰችው ነው የሚመስለው። «ሀምዱዬ፣ እኔኮ ነቅቼ እያየሁ ነው የሰሩኝ» አሉኝ እየሳቁ። እኔም ሳቅሁላቸው፣ ቤቴ ገብቼ ግን የእናቴን አንሶላ እያጠብኩ፣ የሷስ ስር ለምን ክፍት ቀረ ብዬ አለቀስኩ። አዲስ አበባም አሁን እንዲህ የሚሰራ ሀኪም አለ ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። በርሊን አልጠየቅኩም ጓድ፣ መኪና ነው የጠየቅኩት።

ሶስተኛ፣ እናቴ ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ እየደማች ነው። አዋላጇ ሰዓዳ ደሙን ፋሻ ወትፋ ይዛዋለች፣ ፋሻውም እየራሰ ነው፣ የእናቴ ከንፈር ነጥቷል። የኢድ ቀሚሷን ጎረቤት ደብቄባታለሁ፣ እንዳትታጠብ ውሃውንም ደፍቼዋለሁ። ዛሬ በደሟ ያገኟታል።

እጅ ነስቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ለመኪናዎ ጎማ ሳይቀር ረጅም እድሜ እየተመኘሁ፣
ውሸታሟ ሀምዳ ሱሩር፣ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ

ማስታወሻ፦ መኪናው ዛሬም ወይዘሮ አትክልትን ገበያ ይዞ ወጥቶ ከሆነ አያስቸኩሏቸው፣ እሳቸው እኮ ድነዋል። እኔ ባቡር ጣቢያው ስልክ አጠገብ ቆሜያለሁ። ይመጣል ወይም አይመጣም ይበሉኝ ብቻ፤ አይመጣም ካሉ አንዱ የጭነት ሾፌር እግር ላይ ወድቄ እናቴን ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ። ስልክ ጠባቂው ጌጡ ሲመሽ ቆልፎ ይሄዳል፣ እባክዎ ጀንበር ሳትጠልቅ ይደውሉልኝ።