የጽጌ ግራ እጅ

የልጄ አባት፣

ሙት ዓመትህን ካወጣን አራት ወር ሆነን። አንተስ ዐርፈሃል፤ እኔ ግን ንዴቴን የምነግረው ሰው አጥቼ ነው የምጽፍልህ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጓሮ የተከልካት ፓፓያ አፍርታለች። ጽጌ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤ የሚጥላት በሽታ ግን አልተዋትም። አንተ ሳለህ መድኃኒቷን ከፋብሪካው ክሊኒክ እንወስድ ነበር። ከቀብርህ በኋላ ብሄድ፣ ሠራተኛው ከሞተ ቤተሰቡ አይታከምም ብለው መለሱኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያን አቧራ የዋጥከው ለዚህ ኖሯል።

የቀረን የቀበሌው የነፃ ሕክምና ወረቀት ነበር። ሊቀመንበሩን ታውቀዋለህ፤ ሲያገባ ድንኳኑን የተከልክለት አንተ ነህ። ስብሰባ ለማይመጣ ቤተሰብ ወረቀት አይሰጥም አለኝ። የልጄ ግራ ጎን እንደማይታዘዝላት እያወቀ፣ ሁለታችሁም ኑ አለ።

እሑድ ቅዳሴው ቀርቶብን በጋሪ ሄድን። መፈክር ሲባል ሰው ሁሉ ተነሥቶ ግራ እጁን ወደ ላይ አነሣ። ጽጌም በእኔ ተደግፋ ቆመችና የሚታዘዝላትን ቀኝ እጇን አነሣች። አንድ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ጎረምሳ መጥቶ «ቀኝ መንገደኛ ናት እንዴ?» አለኝ። ግራው አይሠራም፣ የመጣነውም ለዚሁ ነው አልኩት። «እንግዲያው ወረቀቱን እርሽው» አለኝ። የልጄን ግራ እጅ አንጓዋ ላይ ይዤ ወደ ላይ አነሣሁት። ትከሻዋን እንዳመማት ከፊቷ አየሁ። ከዚያ ሁሉ ጎረቤት አንድም ሰው ወደ እኛ ዞር አላለም። ሰኞ ማኅተም ተመታልን።

ነገር እንዳልፈልግ አንተ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ትለኝ ነበር። ይኸው ንጉሡ ወርዶም የሚከሰስ አጣሁ። መድኃኒት ለመስጠት የታመመችውን እጅ የሚያስነሣ ምን የሚሉት መንግሥት ነው? ይህን ውጭ ብናገር የት እንደሚወስዱኝ ታውቃለህ። አንተን ግን ከእንግዲህ ማንም አያስርህም።

ሶደሬ ፍል ውኃ የወሰድካት ቀን ትዝ ይልሃል? ትድናለች ብለህ ነበር። አልዳነችም፤ ግን በአንድ እጇ ውኃውን ስትቀዝፍ ስታያት ሱሪህን እንደለበስክ ዘለህ ገባህ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

ወረቀቱ በየስድስት ወሩ ስለሚታደስ ያለፈው እሑድ ደግሞ ሄድን። መፈክሩ ሲጀመር እጇን ልይዝ ስል በክርኗ ገፋችኝ። በቀኝ እጇ የግራውን አንጓ ጨብጣ ራሷ ከፍ አደረገችው። መፈክሩ አለቀ፤ ሰው ተቀመጠ፤ እሷ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ እንደቆመች ቀረች። ሊቀመንበሩ «በቃ፣ አውርጂው» አላት። አላወረደችም። ትክ ብላ አየችው። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት፤ ሰውየው ፊቱ ያለውን ወረቀት ማገላበጥ ያዘ።

እንግዲህ ይታደስልን አይታደስልን አላውቅም። መድኃኒቱ እያለቀ ነው፤ ፈርቻለሁ። ከከለከሉን ቀለበቴን እሸጣለሁ፤ አትቀየመኝ።

አንተን ሳላስብ የማድርበት ቀን የለም፣ አይኖርምም። እነሱንም አልረሳም። አባታችን ሆይ ስደግም፣ የበደሉንን ይቅር የምንልበት ቦታ ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። ለምን እንደሆነ እግዜር ከጠየቀህ፣ እንደነገርኩህ አድርገህ ንገርልኝ።

የጽጌ እናት