ሃምሳ እርምጃ ለብቻው ንጉሥ

ኅዳር 2 ቀን 1979፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ባትሪ ድንጋዮቹ አሁንም ፀሐይ ላይ ናቸው። አባባ እንደ ቆሎ ያገላብጧቸዋል። ቢቸና ውስጥ አዲስ ባትሪ ጠፍቷል። ቼዝ የሚጫወተው ማሽን ትናንት ሁለቴ መሃል ላይ ጠፋብን። ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል፤ ማን የት እንደነበረ እኛ እንነግረዋለን።

ማሽኑ የመ/ር ጀማል ነው። ሞጣ ት/ቤት ፊዚክስ ያስተማሩኝ። ሀንጋሪ ተምረው ሲመለሱ ያመጡት። ከዩኒቨርሲቲ መታገዴን ሰምተው በአውቶቡስ ላኩልኝ፤ «ከሰው ጋር ከምትጣዪ ከዚህ ጋር ተጣዪ» የሚል ብጣሽ ወረቀት አብሮ። ሳቅሁ። ከታገድሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ።

ኅዳር 5፣ ጠዋት

አባባ ዛሬም ስለ ወረቀቱ።

ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተለጠፈውን የግድግዳ ጋዜጣ እኔ አልቀደድሁም። ካድሬው ግን ስሜን ጻፈ። «ቀድጃለሁ፣ ተጸጽቻለሁ» በሚለው ግለሂስ ላይ ከፈረምሁ ወደ ሒሳብ ትምህርቴ፣ ሦስተኛ ዓመት፣ እመለሳለሁ። ወሩ ሳያልቅ ካልላክሁት አበቃ። አባባ ፈርሚና ተማሪ ባይ ናቸው። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እንቁላል እየላጡልኝ ነው የሚሉት።

በቼዝ ይለይልን አልኋቸው። ማሽኑ ንጉሥ፣ ጳጳስና ፈረስ ይያዝ። እኔ ንጉሥ ብቻ። በሃምሳ እርምጃ ውስጥ ንጉሤን መውጫ አሳጥቶ ማት ካደረገኝ እፈርማለሁ። ካመለጥሁ ሁለተኛ አያነሱብኝም። አባባ በሰንጠረዥ፣ በአገራችን ቼዝ፣ ያደጉ ናቸው፤ በእነሱ ጨዋታ እንዲህ ሲሆን የሚቆጠረው እስከ ሰባት ነበር። ሃምሳ ሲባሉ ለማሽኑ ተረፈው ብለው ፊታቸው በራ። እጄን መቱ። ውርርድ ተያዘ።

ኅዳር 8፣ ከሰዓት በኋላ

ማሽኑን ወደድሁት። ጠላቴ ነው፣ ግን ወደድሁት።

መ/ር ጀማል በደብዳቤ አስረድተውኛል። የጨዋታ መክፈቻዎችን በቃሉ ይዟል። መጨረሻውን ግን ማንም አላስጠናውም። ሦስት አራት እርምጃ ወደፊት ያያል፤ የሚያየውን ሁሉ እንደ ፈተና ያርማል። የጠላት ንጉሥ ወደ ጠርዝ ሲገፋ ማርክ፣ የራሱ ንጉሥ ሲቀርብ ማርክ። ብዙ ማርክ ወዳለበት ይሄዳል። ማቱ ከዓይኑ ርቆ ከሆነ በማርክ ብቻ ይዳክራል። ጳጳሱ በጥቁር ቤት ብቻ ስለሚሄድ፣ ማት ማስገደድ የሚችለው ጥቁሩ ማዕዘን ላይ ነው። እሱ ይህን አያውቅም። አራቱም ማዕዘን አንድ ነው ለእሱ።

እኔ ነጩ ማዕዘን ገብቼ ተቀመጥሁ። ማርኩን ቆጥሮ ደስ ሳይለው አልቀረም። ከዚያ ፈረሱ ወዲያ ወዲህ። ወዲያ ወዲህ። 19ኛው እርምጃ።

ኅዳር 13

31ኛው። ባትሪው ደከመ፤ ማሽኑ ስንት እንደሄድን አያውቅም። ስለዚህ እኛ እንቆጥራለን። እኔ በደብተር፣ አባባ በአሮጌ ካላንደር ጀርባ በግዕዝ ቁጥር።

አባባ ወገን ለውጠዋል። አምነው ባይናገሩም። ማሽኑን እንደ ቆሎ ተማሪዎቻቸው ይቆጡታል፤ ትናንት የተማርኸውን ዛሬ ረሳህ፣ ሰነፍ፣ እያሉ። እኔን ደግሞ ጠጋ ብለው ከዚያ እንዳትወጪ ይሉኛል። በሹክሹክታ። እንዳይሰማ።

ደብተሬ፣ እኚህን ሰው እንዴት ነው የምጣላቸው?

ኅዳር 20

43ኛው። ከነጩ ማዕዘን አስወጣኝ። እንዴት እንዳደረገው እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ፈረሱ በአጋጣሚ መውጫዬን ዘጋ፤ ንጉሡ ተከተለኝ። አሁን በጠርዙ ወደ ጥቁሩ ማዕዘን እየነዳኝ ነው። አባባ ምሳ አልበሉም፤ ጾሙ ነው ይላሉ። ውሸት። ጾሙማ ከገባ አምስት ቀኑ ነው፤ እስከ ትናንት ምሳ ይበሉ ነበር።

ኅዳር 24፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ከእርምጃዬ በኋላ አባባ ካላንደሩን አነሱ። ሃምሳ ሞላ አሉ። አመለጥሽ አሉ። ግንባሬን ሳሙኝ።

የእኔ ደብተር 48 ይላል።

ካላንደሩን ተቀብዬ አየሁ። ከ፵፭ ቀጥሎ ፵፰። ሁለት ዘለዋል። ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምር ሰው፣ የዓመቱን ጾምና በዓል በጣቱ አስልቶ የሚያወጣ ሰው፣ ቁጥር አይዘልም። ቀና ብዬ አየኋቸው። ወደ በሩ ዞሩ።

ዝም ብል ኖሮ ያልቅ ነበር። ዝም ማለት አልቻልሁም። ሁለት ይቀራል፣ አባባ፣ አልሁ። ቁጭ ብዬ ተራውን ለማሽኑ ለቀቅሁ።

49ኛው። ማቱ አሁን ከሚያየው ውስጥ ገብቶለታል። አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰበም። ጳጳሱን አመጣ። ማት።

ቃሌ ነው። ወረቀቱን ከሳጥን አወጣሁ። ብዕሩን ስከፍት አባባ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ።

«ለእኔ ብለሽ ሁለት ቁጥር መዋሸት ያቃተሽ፣ ለእነሱ ብለሽ አንድ ገጽ ልትዋሺ ነው?»

ውርርዱን ተሸንፌያለሁ ብል፣ ውርርዱ ከእኔ ጋር ነው፣ እኔ ምሬሻለሁ አሉ። ከዚያ ምሳቸውን ጠየቁ። ሁለት እንጀራ በሽሮ በሉ።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ሌላ ወረቀት ላይ ጽፌ ጨረስሁ። አጭር ነው። ጋዜጣውን አልቀደድሁም፤ አየሁ የሚል ካለ ፊቴ ይቅረብ። ፈርሜበታለሁ፣ ሙሉ ስሜን። አባባ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ አንድ ቃል አለሰለሱ፤ መልሼ አጠነከርሁት።

ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ወረቀቱን ካድሬዎቹ እጅ ላይ ራሴ አስቀምጠዋለሁ።